የኤሊሽ ሳጥን በውርጭ ጊዜ

ፀደይ ልጄ፣ እመብርሃን ካለሽበት አገር ብርድ ትከልልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ተወቅቶ ገባ። እኔን ግን ትተሽልኝ የሄድሽው ኤሊ ዕረፍት ነስታኛለች። ዘንድሮ እዚህ ንፋስ መውጫ ውርጩ ከፋ። ሳጥኗን በገለባ ሞላሁት፤ ትንሿን ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በጋቢሽ ጠቅልዬ አጠገቧ አስቀምጣለሁ። ትናንት አልንቀሳቀስ ስትል የከብት ሐኪሙን ጥበቡን ጠራሁት። «እትዬ ውብነሽ፣ እኔ የማውቀው በሬና በቅሎ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። በየሰዓቱ እየተነሳሁ ሆዷን እዳብሳለሁ፤ ሞቆ ሳገኘው ልቤ ይመለሳል።

አንቺ ጋ ግን እጄ አይደርስም። በላክሽው ፎቶ ላይ ከኋላሽ በረዶ አለ፣ አንገትሽ ደግሞ ባዶ ነው። እግዚአብሔር ሙቀት አያሳጣሽ። ሻርፕሽን ጠምጥመሽ ሌላ ፎቶ ላኪልኝ፤ እስኪደርሰኝ የኤሊሽን ሆድ እየዳበስኩ እቆያለሁ።

እናትሽ