ኖራ ያልነካው ጎን

ኅዳር 12 ቀን 2007 ዓ.ም.
ከማሽላው ማማ ላይ

ይድረስ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፤

እንዴት ባጀህ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ያ ከቢሮህ በር ላይ ቆሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ሰውዬ ሳይቀር ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴና ከወፉ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ወፉ ግን ሳይነግረኝ ይመጣል። ይህን የምጽፍልህ ማማው ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ወንጭፉን ጎኔ አኑሬ ነው። መስመሩ የተንሻፈፈበት ቦታ ካየህ፣ እዚያ ላይ ወፍ መጥቶብኝ ነበር ማለት ነው።

ማሽላው ዘንድሮ አምሮበታል። ሰሊጡን ዝናብ አበላሸው፤ የተረፈውን አጭደን፣ ከምረን፣ አራግፈን ገላግለነዋል። ቤቱም እንዳለ አለ። የሚመልስልኝ ስለሌለ ቀልዴን ራሴ ጀምሬ ራሴ እጨርሰዋለሁ። አንዳንዱ ታዲያ ያስቀኛል።

ወደ ነገሬ ልግባ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ ሰጠኝ የሚባለው፣ ባለፈው ማክሰኞ ወረቀት ይዞ መጣ። ሰጠኝ የገለጉ ከተማ ልጅ ነው፤ ወደኛ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ወረቀት ሲይዝ ግን ድምፁ ይወፍራል።

«አያ ዘሩ፣ ጥር ሃያ አምስት ቀን ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ። ለድልድዩ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣሉ። በሕዝቡ ስም ምስጋና የሚያቀርቡት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

እንግዳው ማን እንደሆኑ ብጠይቀው ያንተን ስም ከነማዕረግህ ጠራልኝ። ሳቄን ዋጥሁና፣ «የመሠረት ድንጋይማ አለን እኮ» አልሁት።

«እሱ አርጅቷል። ይነሣና አዲስ ይቀመጣል።»

«ድንጋይም ያረጃል እንዴ?» ስለው፣ «እባክዎ አያ ዘሩ፣ ቀልዱን ለሌላ ቀን» ብሎ ወረቀቱን በእጄ አስጨበጠኝ።

ንግግሩ በኮምፒዩተር ተጽፎ የመጣ ነው። «በተሠራልን ድልድይ እናቶቻችን በሰላም ወደ ጤና ጣቢያ እየደረሱ በመሆኑ» ይላል። ድንጋዩ እንኳ ገና ሳይቀመጥ! ዝቅ ብሎ ደግሞ የማናውቀው ወንዝ ስም አለበት። ሌላ ቦታ ከተነበበ ንግግር ገልብጠውት፣ ስሙን ማረም ረስተው ነው። «ይሄ ወንዝ የት ነው የሚገኘው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ሰጠኝ አንዴ አነበበ፣ ደግሞም አነበበ፣ ከዚያ ድምፁ ቀጠነ። «እዚያ ላይ ሲደርሱ ይዝለሉት» አለኝ። ዕድሜ ልካችንን መዝለል ያቃተንን ወንዝ ይኸው በወረቀት ዝለል ተባልሁ።

ቆየኝ፤ ወፍ መጣ።

ተመለስሁ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ያስቀመጥህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ጥር ሃያ አምስት ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። አሁን የምትመጣበትም ቀን ልክ በሰባት ዓመቱ ነው። ያኔ ወረዳው ላይ ገና መሾምህ ነበር፤ ኮትህ ትከሻው ላይ ይሰፋህ ነበር። ከገንዳ ውሃ ከተማ በሦስት መኪና መጣችሁ። አሰበች ሚስቴ ሆና ሳለ ሁልጊዜ ላንተ ነበር የምታደላው፤ ያን ቀንማ ጭራሽ ረሳችኝ። «እኔ ያሳደግሁት ልጅ ድልድይ ሊሠራልኝ ነው!» እያለች እልል ስትል ድምፅዋ ተዘጋ። ሦስት ቀን ሙሉ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። በትዳራችን እንደዚያ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም።

አንተም ከእብነ በረድ የተሠራው የመሠረት ድንጋይ አጠገብ ቆመህ፣ «በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ወንዝ ጫማችንን ሳናወልቅ እንሻገራለን» አልህ። ሰው አመነህ። እኔም አመንሁ። የማመኔ ምልክት፣ በሳምንቱ ኮኪት ወጥቼ ጫማ ገዛሁ።

በዚያው ዓመት አንድ መኪና ሙሉ ብረት መጥቶ ከወንዙ ዳር ተራገፈ። መጋቢት ላይ ሌላ መኪና መጥቶ ጭኖት ሄደ። ወዴት እንደሄደ፣ ለምን እንደሄደ የነገረን የለም። ሊወስዱት ነው ቢሉንም እኮ አንከለክልም ነበር፤ ግን ሰው ከቤትህ ወንበር ሲያወጣ «ለጎረቤት ላውሰው ነው» ይላል እንጂ ዝም ብሎ አይሸከምም።

ብረቱ ሲሄድ ድንጋዩ ብቻውን ቀረ። ዝናቡ ጭቃ ሲለጥፍበት አሳዘነኝና ውሃው በጎደለ ቁጥር ኖራ እቀባው ጀመር። የሚያየኝ ሁሉ ይስቃል። «ሙሽራው ሳይታወቅ ቤት ለቅላቂ» ይሉኛል። እኔም ካሣቁ አይቀር ብዬ ባለፈው ነሐሴ አሥራ ስምንት ቀን ጠላ ጠምቄ የድልድዩን ሙት ዓመት አወጣሁለት። ይህን ወሬ ሳትሰማ አትቀርም፤ ከሰማህ ደግሞ ተናድደህብኛል። ስማኝማ እንዴት እንደነበር።

ከድንጋዩ ሥር ሸራ ወጥረን ሰው ተሰብስቦ ሳለ ሰጠኝ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። «የማን ተዝካር ነው?» አለ።

«የድልድዩ» አልሁት።

«ድልድይ የለም እኮ!»

«ሟች ቢኖር ተዝካሩን እናወጣ ነበር?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰጠኝ ፈቃድ፣ ስብሰባ፣ ሕግ እያለ ሲጀምር፣ ለሰሊጥ አጫጁ ሻይ የምታፈላው ኩብራ አንድ ጣሳ ጠላ ተቀብላ እጁ ላይ አኖረችለት። እሷ ራሷ አትጠጣም፤ ሌላውን ዝም ማሰኘት ግን ታውቅበታለች። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ጭቃው ሳይደርቅብህ ተቀመጥ። ለቅሶ ቤት ቆሞ አይወራም» አለችው። ተቀመጠ፣ ተጎነጨ፣ ሳያስበው «ነፍስ ይማር» አለና አፉን በእጁ ያዘ። እስካሁን በዚያ ነው የምይዘው።

ሊሄድ ሲነሣ ድንጋዩን ዞሮ አየና፣ «ሦስቱን ጎን ቀብተው ይሄኛውን ለምን ተዉት?» አለኝ። ወደ መንደሩ የዞረውን ጎን ነው። «ኖራ አልቆብኝ» አልሁት። ኩብራ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

ከዚያ ጥቅምት ላይ ገንዳ ውሃ ስብሰባ ትመራለህ ሲሉ ሰማሁ። እስከ ኮኪት በእህል መኪና፣ ከዚያ በአውቶቡስ መጣሁ። አሰበች ታደርግልህ እንደነበረው ሰሊጥ ቆልቼ፣ በማር ለውሼ፣ በጨርቅ ቋጥሬ ይዤ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ከኋላ ቆምሁ። እጄን አውጥቼ ዕድሉ ሲደርሰኝ፣ «ከወንዛችን ዳር የተነሣው ብረት ወዴት ሄደ? ድልድዩስ ያልተሠራው ማን ምን ስላጠፋ ነው?» አልሁ።

አንተ ከወረቀትህ ቀና አላልህም። «አባት፣ መጀመሪያ ስምዎንና ቀበሌዎን ያስመዝግቡ» አልኸኝ።

ስሜን ነገርሁህ። ጻፍኸው። ብዕርህ ሲሄድ አየሁት። ቀበሌዬን ነገርሁህ፤ አንተም ያደግህበትን ቀበሌ ስም ከእኔ ሰምተህ ጻፍኸው። «ጥያቄዎ ተመዝግቧል፤ ምላሹ በጽሑፍ ይደርስዎታል» አልኸኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፍህ።

መኪናህ አጠገብ ጠበቅሁህ። በኋላ ለካ በሌላ በር በሌላ መኪና ሄደሃል። ሰሊጡን እየበላሁ ተመለስሁ። ማር በዝቶበት ነበር፤ አሰበች ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። በመንደር «ምን አለህ?» ለሚለኝ፣ «ለዘመድ አላዳላም ብሎ ነው» እያልሁ መለስሁ። ለአሰበች መቃብርም ያንኑ ነው የነገርሁት። እሷ ያመነችኝ ይመስለኛል፤ ላንተ ሲሆን ምንም ታምናለች።

የጽሑፉ ምላሽ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። የደረሰኝ የምስጋናው ወረቀት ነው።

አየህ የእህቴ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ትራክተር ነድቻለሁ። ፊደል እንኳ የቆጠርሁት ከዘይት ጣሳና ከጸረ ተባይ ካርቶን ላይ ነው፤ ስለዚህ የመንግሥትን ነገር ከአንተ በላይ አውቃለሁ አልልም። ጭቃን ግን አውቃለሁ። ዋልካው ጎማ ሲይዝ መጀመሪያ የሚወርደው ሹፌሩ ነው። ሌላው ይግፋ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነዳጅ የሚረግጥ ሹፌር ጎማውን ይበልጥ ይቀብረዋል፤ ጭቃውንም ከኋላ የሚገፋው ሰው ፊት ላይ ይረጨዋል። የወረደ ሹፌር ግን፣ «እዚህ ላይ ባልገባ ኖሮ» ካለ፣ የሚሰድበው የለም። ሁሉም ከጎኑ ሆኖ ይቆፍራል። ይህን በልጅነትህ ከትራክተሬ ጎማ ሽፋን ላይ ተቀምጠህ በዓይንህ አይተሃል። እኛ እዚህ ያለነው ሰዎች ከእናንተ ከሹሞቹ የምንፈልገው ሌላ አይደለም። ድልድዩ ይዘግይ፤ ድህነት እንደሆነ የማናውቀው ነገር አይደለም። ግን ወርዶ የሚያይ ሰው እንፈልጋለን። ሀገርም እንደዚያው ይመስለኛል፤ ሁሉም ወንበሩ ላይ ሆኖ ከረገጠ፣ ጎማው ወደ ታች ነው የሚሄደው።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። ጥር ሃያ አራት እሑድ ነው። መኪናህን ከማዶ አቁምና ብቻህን በእግርህ ተሻገር። ውሃው ያኔ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ጫማህን ግን ታወልቃለህ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከድንጋዩ ዘንድ ይጠብቅሃል። «ብረቱ የሄደው ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ እኔ ያጠፋሁት ይህ ነው» በላቸው። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አትጨምር። አይበሉህም። ኩብራ ሻይ ትሰጥሃለች፤ እኔም በማግሥቱ ምስጋናውን ከነሌላው ወንዝ ስም፣ ሳልዘል አነብልሃለሁ።

ካልመጣህ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ አኖርና ያንኑ ጥያቄ እደግመዋለሁ። ስምና ቀበሌ ከጠየቅኸኝም ሁለቱን ነግሬህ፣ ሦስተኛ ዝምድናችንን አስመዘግባለሁ። ይህ ቀልድ አይደለም። ቀልድ ቢሆን ሳቄ ይመጣ ነበር።

ወፎቹ እንደገና መጥተዋል፤ ይብሉ። ይህን ሳልጨርስ አልወርድም።

ሰጠኝ አሮጌው ድንጋይ ይነሣል ብሏል። እንዳያነሡት። አዲሱን የትም ቢተክሉት ግድ የለኝም፤ ወንዙ ረጅም ነው። ያኛው ግን ባለበት ይቆይ።

አሰበች ወባው ወደ ራስዋ ወጥቶባት ያለፈች ጊዜ፣ ውሃው ጎድሎ ኮኪት ስወጣ ነበር የደወልሁልህ። «ጤና ጣቢያ ደርሳ፣ ግሉኮስ ተተክሎላት፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ ነው ያረፈችው» አልሁህ። ስልኩ ውስጥ አለቀስህ። «እንኳን ሕክምና አገኘች» አልህ። እኔም «አዎ» አልሁ። ለመንደሩም እንዲያው በሉት አልሁ፤ ጠላትህ አይደሉምና እስከ ዛሬ ጠብቀውልሃል።

ጤና ጣቢያው ከማዶ ነው። ቀኑ ነሐሴ አሥራ ስምንት ነበር። በነሐሴ ያ ወንዝ ፍየል እንደማያሳልፍ ታውቃለህ፤ በልጅነትህ ሁለት ጊዜ ከአፉ ነጥቄሃለሁ። እንዴት እንደተሻገርን ግን አልጠየቅኸኝም። እኔም እንዳትጠይቀኝ እግዜርን ስለምን ኖሬያለሁ።

እብነ በረድ ቀዝቃዛ ነገር ነው። ትኩሳት ላለበት ሰው ጀርባ ይስማማል፤ እሷ የተደገፈችውን ጎን ኖራ አላስነካሁትም።

በል እንግዲህ። ከፊትህ ያለውን ውሃ ሁሉ ያጉድልልህ። ልጆችህ ያሳደጋቸውን ሰው በስሙ ሳይሆን በዝምድናው የሚጠሩ ይሁኑልህ። ወንበርህ የሚወርዱበት እንጂ የሚወድቁበት አይሁን። ሰሊጡን አዘጋጅቼ እጠብቅሃለሁ፤ ማሩን ቀነስ አደርገዋለሁ።

ከማማው ላይ ሆኖ መንገዱን የሚያይ፣
አጎትህ