የታደሰ ግማሽ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

እሺም እምቢም አላልኳት። «ላስብበት» ብዬ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ክዳን ከፍቼ ዘጋሁት። ውስጡ ምንም ወረቀት አልነበረም።

የመጣችው ሰላም ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታስተምረው የሐዋሳ ልጅ። ሱቄ የምትመጣው የፈተና ወረቀት ለማባዛት ነበር። ዛሬ ግን ባዶ እጇን መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ የደብረ ብርሃንን ብርድ አልለመደችውም፤ እጇ ከጋቢዋ አይወጣም።

«እትዬ አስካለ፣ ቁልቁለትን የሠሩበትን ኢንጂን ለምን አይከፍቱትም?» አለችኝ።

ቁልቁለት ጨዋታችን ነው። አንድ ነጋዴ አህያውን ጭኖ ከአንኮበር አፋፍ ወደ ቆላ ገበያ ይወርዳል። ገደል አለ፣ ጉም አለ፣ ጭነቱ ይንሸራተታል። በቃ። አንድ ሰሞን ሰው በፍላሽ እየተቀባበለ በየአሮጌው ኮምፒውተር ይጫወተው ነበር። አዲስ ስልክ ላይ ግን አይሠራም፤ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ያበቃል። ላስተካክለው ሞክሬ አቃተኝ።

ኢንጂኑ ከሥር ያለው ነው። አህያውን የሚያስኬደው፣ ድንጋዩን የሚያንከባልለው፣ የአማርኛ ፊደሉን ሳይሰባብር የሚጽፈው። ሰላም ተማሪዎቿ በእሱ የየራሳቸውን ጨዋታ እንዲሠሩ ትፈልጋለች። ከውጭ የመጡት ፊደላችንን ያበላሹባታል። «ጨዋታውን ለራስዎ ያስቀሩት፤ ኢንጂኑን ብቻ» ትላለች። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጬው ማንም እንዲያየው፣ እንዲወስደው፣ እንዲያስተካክለው። ተማሪዎቹ የሚጀምሩት በሚቀጥለው ሰኞ ነው። እስከ እሑድ መልስ ትጠብቃለች።

ግማሹ የኔ እንዳልሆነ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እህቴን ብርቄን አማከርኳት። እሷ የምትሠራው ብርድ ልብስ የሚሸመንበት ፋብሪካ ነው።

«ደግሞ ኢንጂን ምንድነው?»

«ብርድ ልብሱ ጨዋታው ነው እንበል። ኢንጂኑ የሚሸምነው ማሽን ነው።»

«እና ማሽኑን አውጥተሽ በር ላይ ልታቆሚው ነው?»

«ሰው ቢወስደው አይጎድልብኝም። እኔም ጋ ይኖራል፣ እሱም ጋ ይኖራል።»

«እንዲህ ያለ ማሽን ካለሽ ለኔ እስካሁን አንድ ብርድ ልብስ እንኳ ያልሰጠሽኝ ለምንድነው?»

ሳቅን። ከዚያ ኮስተር አለች። «አስኩ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሸፋፍነሽ ያስቀመጥሽው ለማሽኑ ብለሽ ነው ወይስ ለሰውዬው?»

መልስ አልጠበቀችም፤ ሻይዋን ጠጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የሚያስፈራኝን ልጻፈው፦

ኮዱ ዝርክርክ ነው። ቤቷ ሳይጠረግ እንግዳ እንደመጣባት ሴት ያደርገኛል።

አንዱ ወስዶ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ቢልስ።

ቁማር ቢሠሩበትስ። አሁን አሁን ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚቆምረው አያምርም።

አራተኛውን አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መብራት ነበረ፣ ደንበኛ አልነበረም። አሮጌውን ኮምፒውተር አስነስቼ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ታደሰና እኔ አንድ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ እንሠራ ነበር። እኔ ጸሐፊ፣ እሱ ኮምፒውተር ጠጋኝ። ለተማሪዎች የሚባዛው የፕሮግራሚንግ ማስተማሪያ ሲበላሽ ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ለረቂቅ እያልኩ እሰበስበው ነበር። አንድ ቀን ፊቱን አነበብኩት። በማግስቱም። ምዕራፍ አምስትን የተማርኩት ከምዕራፍ አንድ በፊት ነው። ምዕራፍ ሦስት ሳይበላሽ ስለተባዛ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ታደሰ ያንን ወረቀት ሳነብ አየኝ። አልሳቀም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከጎኑ ወንበር አስቀመጠልኝ። አራት ዓመት ምሳችንን እዚያ በላን፣ ቁልቁለትን እዚያ ሠራን። ሌላ ምንም አልተነጋገርንም። ሌላ የምንነጋገረው አልነበረም ማለቴ አይደለም።

በኮዱ መስመሮች መሀል ማስታወሻ ይተውልኝ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አያነበውም፣ ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

«አስካለ፣ ይህን መስመር አትንኪ። ከነካሽው አህያው ይበራል።» (ነካሁት። በረረ።)

«ይህን የጻፈችው አስካለ ናት። ከኔ ይሻላል።»

«ዛሬ ሽሮው ጨው በዝቶበታል።»

የመጨረሻው ጉሙን የሚገልጠው ክፍል ላይ ነው። ሥራው መሀል ላይ ተቋርጦ፣ ከሥሩ «ነገ እቀጥላለሁ» ይላል።

በማግስቱ አልመጣም። ገዳም ገባ። ለማንም አልተናገረም፤ ለኔም። ቆብ መጫኑን የሰማሁት ከሰው ነው።

ስለዚህ ጨዋታው ውስጥ ጉሙ አይገለጥም። ነጋዴው ታች ሲደርስ ነጭ ነገር ይውጠውና ያልቃል። ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል። ከጉሙ በታች ቆላውን እየሣለ እንደነበር አውቃለሁ፤ «ስታዪው ትገረሚያለሽ» ብሎኛል። ሥዕሉ ግን የቁጥር መዓት ነው፣ ቁጥሩን አይቼ ምን እንደሆነ መለየት አልችልም። ጉሙን ራሴ ብጨርሰው ይታየኝ ነበር። ከጨረስኩት ግን «ነገ እቀጥላለሁ» የሚለው ይሻራል።

ይኸው አራተኛው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ለሰላም ነገርኳት፣ ጨው የበዛበትን ሽሮ ትቼ።

«ሁለት ሰው የጻፈውን አንዱ ብቻውን ሊከፍተው አይችልም» አለች። «የእሳቸው ፈቃድ ያስፈልጋል። የት ናቸው?»

«ገዳም።»

«ስልክ የላቸውም?»

«የለውም።»

የቁማሩን ጠየቅኳት። ትዋሸኛለች ብዬ ነበር፤ አልዋሸችም። «ሊሠሩበት ይችላሉ። ከከፈቱት ለዚህ ይሁን ለዚያ አይሁን ማለት አይቻልም። እየመረጡ መስጠት ከፈለጉ ክፍት አይባልም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ከምን ተማሩ?» አለች።

«ከተጣለ ወረቀት። ነግሬሽ የለ።»

«ለምን እንደሚያውሉት የጠየቀዎት ሰው ነበር?»

አልነበረም። ታደሰም ቢሆን የተማረው ሌሎች ከፍተው ካስቀመጡት ኮድ ነው፤ ራሱ አሳይቶኛል። የማናውቃቸው ሰዎች የጻፉት ነበር። አንዱ ማስታወሻው ላይ ስለ ድመቱ ጽፎ ነበር፤ ታደሰ ተርጉሞልኝ ስቀናል። የኔ ማስታወሻ ለሰው ይታይብኛል ብዬ የምሰጋው እኔ፣ በማላውቀው ሰው ድመት ስቄያለሁ።

መንገዱ ክፍት ነው እያሉ ነው። ቅዳሜ ወደ ገዳሙ እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለደብዳቤው ተቀመጥኩ። ሦስት ገጽ ጻፍኩና ቀደድኩት። አንተ ልበለው ወይስ እርስዎ? መነኩሴ አንተ አይባልም። እርስዎ እያልኩ ስጽፈው ግን ለማላውቀው ሰው የምጽፍ መሰለኝ፤ አንተ አልኩት። አራት መስመር ቀረኝ። «የጻፍከውን ግማሽ ከኔው ጋር ለሰው ሁሉ ልከፍተው ነው። ትፈቅዳለህ? ካልፈቀድክ እንዳለ ይቀመጣል። እኔ ደኅና ነኝ።»

አጥፌ ከውጪው «ለታደሰ» አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

እግሬ አብጧል፤ ቢሆንም ሳልጽፍ አልተኛም።

በመጀመሪያው ሚኒባስ አንኮበር፣ ጎረቤላ ደረስኩ። ከዚያ በእግር ወረድኩ። ያ ቁልቁለት ጨዋታው ውስጥ ያለው ነው ማለት ይቻላል፤ ድንጋዮቹን በቦታቸው ስላገኘኋቸው ገረመኝ። ከገዳሙ በር ሴት አታልፍም። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ። ከቅጥሩ ውስጥ እንጨት ሲፈለጥ ይሰማል።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«ታደሰ የሚባል፣ ከደብረ ብርሃን የመጣ…»

«ታደሰ?» አሉ ከባቄላው ቀና ሳይሉ። «ታደሰማ ሞቷል።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ቀና ብለው ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ባቄላቸው ተበተነ።

«ኧረ ልጄ! ቆብ የጫነ ዕለት ማለቴ ነው! ፍትሐት ተደርጎለት የለም እንዴ። አሁን አባ ኃይለ ሚካኤል ነው። ደኅና ነው፤ ይኸው ይፈልጣል፣ አትሰሚውም?»

ሥርዓቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። የእናቴ ወንድም ሲመነኩስ እንደ ሞተ ሰው ፍትሐት ሲደረግለት ቆሜ አይቻለሁ፤ ዕቃውንም ዘመድ ተካፍሎታል። ግን ሰባት ዓመት በልቤ ስጠራው የኖርኩት በዓለም ስሙ ነው፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ባቄላውን አብረን ለቀምን። ከዚያ ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ውጪውን አነበቡና መለሱልኝ። «ለሞተ ሰው መልእክት አላደርስም» አሉ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባኝም። እስክሪብቶ አውጥቼ «ታደሰ» የሚለውን ሰረዝኩት፤ አባ ኃይለ ሚካኤል ብዬ ጻፍኩ። ያን ስም በእጄ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ውስጡ ያለውን አንተ አላስተካከልኩትም።

ገቡ። የእንጨቱ ድምፅ ቆመ።

ብዙ ቆየ። በሩ ስንጥቅ አለው፤ ወደዚያ አላየሁም።

ከዚያ ድምፁ እንደገና ጀመረ። ሽማግሌው ብቻቸውን መጡ።

«እንዲህ በሏት አለኝ። ታደሰ ምንም የለውም፤ የሞተ ሰው ፈቃድ አይሰጥም፣ አይከለክልምም። የተወው በእጇ ነው፤ እሷ እንደወደደች ታድርገው።»

«እሺ አባቴ።»

«ደግሞ፣ ጉሙ ተገለጠ ወይ ብለው ይጠይቁልኝ አለኝ።» ሰማዩን አዩ፤ ቀኑ ብራ ነበር። «እኔስ ጉም አላየሁ።»

ሰባት ዓመት አስታውሶታል። «አልተገለጠም በሉልኝ» አልኩ።

ዳገቱን እስክጨርስ ፍልጡ ይሰማኝ ነበር። ወይም የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቅበላ ነው፣ ነገ ጾም ይገባል። ብርቄ ምሳ ጋብዛኝ ቀረሁባት።

ሰላም ከሰዓት መጣች። ፈቃዱን የሚገልጸውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አዘጋጅታዋለች። «የጸሐፊዎቹ ስም ማን ይባል?» አለች። ታደሰ እና አስካለ አልኳት። በምንኩስና ስሙ አንድም መስመር አልጻፈም።

ማስታወሻዎቹን ላጥፋቸው ብዬ ነበር። አህያውን፣ ሽሮውን። ሰላም አነበበቻቸውና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አላጠፋኋቸውም፤ ጨዋታውንም ከኢንጂኑ ሳልለይ አብሬ ጨመርኩት። እንዳለ አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ ለራሴ አስቀረሁ።

ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው ሄደ።

ቤት ስገባ ባዶ የሚሆንብኝ መስሎኝ ነበር። አልሆነም፤ ግን ቀለል ያለኝም ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሰኞና ማክሰኞ ምንም። የሰላም ተማሪዎች ስልክ ላይ የሚጠቁረውን ይዘውታል፤ ገና ነው። አንዱ ኮዴን አይቶ «ይህን የጻፈው ማነው?» ብሎ ስቋል አሉ። ይሳቅ። ጥሩም አይደለም።

ዛሬ ጠዋት መልእክት መጣ። አረርቲ ያለ ሰው ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት ከስሙ አላወቅሁም። «ጉሙን የሚገልጠውን ክፍል ጨርሼዋለሁ። ስላለቀ ‹ነገ እቀጥላለሁ› የሚለውን መስመር አጥፍቼዋለሁ። ተመልክተው ይቀበሉት» ይላል።

የተጨመረው በአረንጓዴ፣ የጠፋው በቀይ ይታያል። አሥራ ስምንት መስመር አረንጓዴ፣ አንድ መስመር ቀይ።

አንድ ደንበኛ መጥቶ መታወቂያውን አባዛሁለት። ሌላም መጣ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። መስመሩን ለይቶ መመለስ ይቻላል፤ አውቃለሁ። ግን እኮ አልቋል። ያለቀ ሥራ ላይ ነገ እቀጥላለሁ ማለት ውሸት ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ውሸት አይወድም ነበር።

ተቀበልኩት።

ከዚያ ጨዋታውን ከላይ ጀመርኩ። አህያውን ነዳሁ። ገደሉን አለፍኩ፣ ጭነቱ አንድ ጊዜ ወደቀብኝ። ነጩ መጣ። እንደ ወትሮው ያበቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቀስ እያለ ሳሳ። ተገለጠ።

ገበያ የለም። ሰው የለም። ሜዳው ባዶ ነው። መሀሉ ላይ አንድ ግራር ብቻ፤ እሱም ግማሽ። ግንዱና የግራ ቅርንጫፎቹ አሉ፣ እያንዳንዷ ቅጠል እንኳ ለብቻዋ ተሥላለች። በቀኝ በኩል ምንም የለም።

ሰባት ዓመት የተደበቀብኝ ነገር አለ ብዬ ነበር። ለካ አልደረሰበትም። ሳቅሁ፤ ከዚያ በጋቢዬ ዐይኔን ጠረግሁ።

ወደ ጎረቤላ የሚሄድ ሰው ካገኘሁ ለእኒያ ሽማግሌ አንድ ቃል እልካለሁ፦ ተገልጧል በሉልኝ።

ከሰዓት የአረርቲው ሰው እንደገና ጻፈ። «ከጉሙ በታች ያለው ዛፍ ግማሽ ነው። ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ ነው? እኛ ጋ ግራር ሞልቷል፤ ልጨርሰው?»

«ገበያውን ይሣሉልኝ» ብዬ መለስኩ። «የዛፉን ቀኝ እኔ እሞክረዋለሁ።»

ቅርንጫፍ በቁጥር እንዴት እንደሚሣል ግን አላውቅም። ምዕራፍ ሦስት ላይ ይሆናል።