«የተያዘውን ይለቃል» ብለው ለጻፉልን ኃላፊ

ለተከበሩ የመሣሪያ መግለጫዎች ዝግጅት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ሁለቱም እጆችዎ ከነጣቶቻቸው ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ሙሉ ነኝ።

የምጽፍልዎ ከካርቶን መጭመቂያው ክፍል ነው። መጥተው ስለማያውቁ ላስረዳዎ፦ አሮጌ ካርቶን ከታች ይከመራል፣ ስምንት መቶ ኪሎ የሚመዝን የብረት ሰሌዳ ከላይ ይወርድበታል፣ ከዚያ በሽቦ ይታሰራል። ሰሌዳውን ድሮ በእጀታ እናንቀሳቅሰው ነበር። ከአምና ወዲህ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ረዳት ድምፃችንን ሰምቶ፣ እርስዎ ከጻፉለት መግለጫ ጋር አመሳክሮ፣ ይሆናል ያለውን «መሣሪያ» (ትእዛዙን እንዲህ ነው የምትሉት) ይመርጣል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ አጭር አጻጻፍዎ አመሰግናለሁ። «ልቀቅ» ለሚባለው መሣሪያ የሰጡት መግለጫ «የተያዘውን ይለቃል» የሚል ብቻ ነው። ሁለት ቃል። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት በክፍላችን የተያዙት ሁለት ነበሩ፤ ወደ ላይ የተያዘው ሰሌዳና፣ እጅጌውን ሽቦ የያዘው ታላቅ ወንድሜ። የተወሳሰበ ሽቦ ሊያቃና ቀኝ ክንዱን ከሰሌዳው ሥር አስገብቶ ነበር። እየሳቀ፣ እቱ፣ ይሄ ሽቦ ከሚስቴ የበለጠ ወዶኛል፣ ይልቀቀኝ በይው አለኝ። እኔም ለረዳቱ «ልቀቀው» አልኩት።

ረዳቱ ታዛዥ ነው። ለቀቀው።

ድምፁ እርጥብ ካርቶን ሲጨመቅ ሁልጊዜ የምንሰማው ድምፅ ነበር። የተለየ አለመሆኑ ነው እስካሁን የሚያባንነኝ። «አንሳ» የሚባለው መሣሪያ ሰሌዳውን ለመመለስ አርባ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ መግለጫዎ ላይ ስለሌለ እኔ ቆጥሬዋለሁ። ክንዱ ከክርኑ በታች ተጠፍጥፎ፣ ከካርቶኑ ጋር ተጣብቆ፣ አጥንቱ በእጅጌው ቀዳዳ ወጥቶ ነበር። ጋሼ ግን ሰዓቴ ተሰበረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራ ሪፖርትዎ። «አደጋው የደረሰው በሠራተኛዋ የቃል አጠቃቀም ጉድለት ነው» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሳህን ሳጥብ እለዋለሁ። ምናልባት እውነት ነው። «አላቅቀው» ማለት ነበረብኝ? «ፍታው»? «ተወው»? ዝርዝርዎ ላይ የነበሩት «አንሳ»፣ «ያዝ» እና «ልቀቅ» ናቸው። ከሦስቱ ወንድሜን የሚያድነው የቱ እንደነበር፣ ጊዜ ሲኖርዎ፣ ይንገሩኝ።

ሦስተኛውን በአድናቆት ነው የምጽፈው። ያው ረዳት ለእርስዎ ቢሮ መልእክት የሚልክበት መሣሪያ አለው። መግለጫው አሥራ አንድ መስመር ነው። ምን እንደሚሠራ፣ መቼ መጠቀም እንደማይገባ፣ የተላከ መልእክት ተመልሶ እንደማይመጣ፣ ስለዚህም ከመላኩ በፊት ሁለት ጊዜ ጠይቆ ማረጋገጥ እንዳለበት ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። መጻፍ ስለሚችሉ ደስ ብሎኛል። እስከዚያ ድረስ አይችሉም ብዬ ሳዝንልዎ ነበር።

መጭመቂያው ሰኞ ሥራ ይጀምራል። በወንድሜ ቦታ የተመደብኩት እኔ ነኝ። መግለጫው ያው ሁለት ቃል ነው። እንዳይደክሙ ብዬ ስሙንም ቀይሬ እኔው ጻፍኩልዎ፦

«ጣል፦ ወደ ላይ የተያዘውን ስምንት መቶ ኪሎ ሰሌዳ ይጥላል። ከጀመረ አይቆምም። የተያዘ ሰው ለማስለቀቅ አያገለግልም። ከሥሩ ሰው አለመኖሩን ጠይቅ፤ የለም የሚል መልስ ካላገኘህ አትንካው።»

እንዲፈርሙበት ብቻ ነው የምለምንዎ። ከእሑድ በፊት።

ወሰን የሌለውን አክብሮቴን ከደጃፍዎ አስቀምጬ፣ ለጊዜው በሁለት እጇ የምትጽፍልዎ፣

የመጭመቂያው ክፍል ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከሠራተኛ አስተዳደር፣ ወንድሜ «በገዛ ፈቃዱ ሥራ ለቋል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ያቺን ቃል እንዲህ አሳምረው እንደሚያውቋት አልገመትኩም ነበር። ከግርጌው የወንድሜ ፊርማ አለ፤ ቀኑ ከአደጋው ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ እጁ ከተቆረጠ ወዲያ ነው፤ የፊደል አጣጣሉ የቀኝ እጁ ነው። እጁ እናንተ ዘንድ ከሆነ ይመልሱልን፤ እኛ የቀበርነው የሌላ ሰው መሆን አለበት።