የሂሩት የዓይን ጠብታ

ሰኞ፣ ኦክቶ. 6። ከሥራ መልስ

ዛሬም ሂሩት። ደብተሬ፣ ሰለቸሽ አይደል? እኔንም ሰልችቶኛል። የምነዳውን የሥራ ቫን አስረክቤ ስልኬን ባየው አምስት መልእክት፣ አምስቱም ስለ እህቴ። ሂሩት እንዴት ሆነች? ዓይኗን ተሻላት? አንቺስ ደህና ነሽ ወይ ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ምን ሆነችና! መነጽር ልትገዛ ሄዳ ሐኪሙ ዓይኗን ሲመረምር ግላኮማ አገኘባት። ዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን መጉዳት ሲጀምር ደረሱበት። ገና ጅምሩ ነው። በቃ፣ ጠብታ ታደርጋለች። ጥርት አድርጋ ታያለች፣ ትነዳለች፣ ትኳላለች። ሾርላይን ያለው ቤቷ ግን ከጠያቂ አይጸዳም። እኔ አምና ወገቤን ስታመም እዚህ ስካይዌይ ድረስ ማን መጣ? እሷ ብቻ። እሱም ያናድደኛል።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 8። ሥራ ከመግባቴ በፊት

ኮል አደረገች። በዘር ይመጣል፣ ሕመም የለውም፣ እትዬ አንቺም ተመርመሪ አለችኝ። እማዬም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዓይኗ የጠፋው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም አለች። እስከ መጨረሻው እጇን ይዤ የመራኋት እኔ፤ ስለ ዓይኗ የምታስረዳኝ እሷ! ታናሼ ሐኪም ሆና ቁጭ።

ምንም አልሆንኩም አልኳት። በቀደም የመንጃ ላይሰንሴን ሳሳድስ ፊደሉን እስከ ታችኛው መስመር አነበብኩ እኮ። አረጋውያን ጭኜ ቀኑን ሙሉ ከተማውን የማካልል ሰው ነኝ። የፊደሉ ምርመራ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው የሚያየው አለች። ታዲያ ምን ይሁን? ስልኩን ዘጋሁባት።

እሑድ፣ ኦክቶ. 12። ከድግስ መልስ

ተቃጥያለሁ። ዋይት ሴንተር አዳራሽ፣ የጎረቤቴ ልጅ ክርስትና። እንደ እናት የምናያቸው እማማ ዘውዴ ሂሩትን አቅፈው ስመው አይጠግቡም። እኔ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን አዞሩ። በሰው ፊት! የምገባበት ጠፋኝ።

ሂሩትን ጥግ ይዤ ጠየቅኳት። ስትገቢ በር ላይ ከወንበራቸው ተነስተው እጃቸውን ዘርግተውልሽ ነበር፤ ዘግተሻቸው አለፍሽ አለች። ባለፈው ለቅሶ ቤትም እንዲሁ አድርገሻቸዋል። ኮርታለች እያሉ ነው አለችኝ። እኔ! ትልቅ ሰው ሳልስም የማልቀመጥ ሴት! የት ጋ ነበሩ? አልኳት። በግራሽ፣ አጠገብሽ አለች።

ውሸቷን ነው። ሰውን ሁሉ ለራሷ ሰብስባ እኔን ብቻዬን ልታስቀረኝ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ አለቀስኩ። ከዚያ ስወጣ የመኪናዬን የግራ መስታወት ከምሰሶ ጋር አጋጨሁት። በዚህ ወር ሁለተኛዬ።

ሰኞ፣ ኦክቶ. 13። ጠዋት

መስታወቱን በፕላስተር እያጣበቅኩ ሳለ እማዬ ትዝ አለችኝ። እሷንም ሰላም አትልም ይሏት ነበር። ዓይኗ ከመጥፋቱ ብዙ ዓመት በፊት። የጓሮ ጎረቤታችን ተቀይማት እስክትሞት አላናገረቻትም። እኛ ልጆቿም ጸባይዋ ነው አልን።

ፕላስተሩ እጄ ላይ እንደተጣበቀ አሰብኩት፤ ያኔም በጎኗ ያለውን አታይ ኖሮ ይሆን?

ለሂሩት ቴክስት አደረግኩ። ሐኪሙ የት ነው? ልክ ነሽ ግን አላልኳትም።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 16። ከሰዓት በኋላ

ፊደሉ ትልልቅ ይሁን። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገውብኝ ሁሉ ነገር ብዥ ብሏል። ያመጣችኝ ሂሩት ናት፣ ጠብታው እስኪለቅ መንዳት አይቻልም።

ጎድጓዳ ሳህን በመሰለ ማሽን ላይ አገጬን አስደገፉኝ። መሃል ያለችውን ነጥብ ብቻ ማየት፣ በዳር ብልጭ ሲል ቁልፍ መጫን። ቀኝ ዓይኔ ደህና ሄደ። ግራው ላይ ብልጭታው ጠፋ። ቆይ ቆይ፣ አሁንም የለም። ተበላሸ እንዴ ብዬ ማሽኑን የምታሠራውን ልጅ ጠየቅኳት። አልተበላሸም አለች፣ ቀስ ብላ።

ሐኪሙ ማሽኑ ያወጣውን ሥዕል አሳየኝ። ግራው ከግማሽ በላይ ጠቁሯል። ቀኙም ጀምሮታል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አለ። ቫኑን እንዳልነዳም ነገረኝ። ቁልፉን ነገ እመልሳለሁ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን። መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አልነበረም። ቅናት ነው። በበሽታዋ ቀናሁ! ያው በሽታ፣ ያው እናት፤ እሷ በጊዜ ደረሰችበት፣ እኔ ላይሰንሴን ይዤ ስኩራራ ቀረሁ። መኪና ውስጥ ሂሩት እጄን ያዘችኝ። ነጠቅኳት። ቀይ መብራት ላይ መልሼ ሰጠኋት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 18። ሂሩት ሻይ ታፈላለች

ጠብታው ለብቻዬ እምቢ አለኝ። ጉንጬ ላይ፣ አንገቴ ላይ፣ ዓይኔ ብቻ ይቀረዋል። ሂሩት ከሾርላይን ድረስ መጣች። ሶፋው ላይ አጋድማኝ፣ ሽፋሽፍቴን ገለጥ፣ ጠብ። አንድ ጊዜ ብቻ። ይህችን ሴት ምን አባቷ ነው የሚያቅታት?

የሷም ሰዓት ደርሶ ነበር። ልስጥሽ አልኳት። ስቼ አፍንጫዋ ላይ አፈሰስኩት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ልክ ነበርሽ አልኳት። ወጣልኝ።

ወስኛለሁ። ነገ እማማ ዘውዴ ቤት። ሂሩት ትነዳለች። ጉልበታቸውን ስሜ፣ አልዘጋሁዎትም፣ አላየሁዎትም እላቸዋለሁ። ከዚያ እሳቸውስ ዓይናቸውን ተመርምረው ያውቁ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሂሩት አፏን ከመክፈቷ በፊት። በዚህስ እኔ ልቅደማት።