ራህማ፣ ሮኬቱ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ነው

ራህማዬ፣

አላህ ይዘንልሽና፣ ከተለያየን ዛሬ ሰባት ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የጻፍኩት ሰሚራን አርግዘሽ ሳለ፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶብኝ ሦስት ሳምንት የተገተርኩ ጊዜ ነው። ቤት ስገባ፣ «ከድር፣ ጽሑፍህን ለማንበብ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦልኛል» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። አሁንም አልተሻሻለም።

ቤቱ ደህና ነው። ውሃ ዛሬም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ጀሪካኖቹን እኔ እሞላለሁ። ከብሎካችን ፊት ለፊት የነበረው ክፍት ቦታ ታጥሮ ፎቅ እየተሠራበት ነው፤ ከመስኮታችን ይታይ የነበረው የእንጦጦ ጋራ አሁን ግማሹ ብቻ ቀርቷል። እኔ መሪ ከጨበጥኩ አምስት ወር አለፈኝ። ዐይኔ አልታዘዝ ሲለኝ መኪናውን ለባለቤቱ አስረከብኩ። ሠላሳ ዓመት ከቤት ወጥቼ ስዞር ኖሬ፣ ቤት መዋል የጀመርኩት አንቺ ከሌለሽ በኋላ ሆነ። እዚህ ቤት እንግዳ እንደነበርኩ ያወቅሁትም አሁን ነው። ጨው የት እንደምታስቀምጪ ለማግኘት አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ሰሚራ በየእሑዱ ትመጣለች። «አባዬ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ? ሲ.ኤም.ሲ እኛ ጋ ና» ትለኛለች። «እስቲ አስብበታለሁ» እያልኩ እዚህ ደርሻለሁ።

ስልክሽን አላጠፋሁትም። ለምን እንደሆነ ሰሚራም አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ባትሪው ሲያልቅ እሰካዋለሁ፣ ሲሞላ እነቅለዋለሁ፣ በቃ። ማክሰኞ ጠዋት ድንገት ጮኸ። መርዶሽን ያልሰማ ሰው የደወለ መስሎኝ፣ ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ አነሳሁት። የደወለ ሰው ግን አልነበረም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገርና የሮኬት ሥዕል ብቻ ነው። በኔ ስልክ ፎቶ አንስቼ ለሰሚራ ላክሁላት። ትንሽ ቆይታ ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬ ቻናሉ ላይ የማሳወቂያ ደወሉን ተጭናው ስለነበር ነው» አለችኝ፤ ድምጿ ተለውጧል። «ሮኬት ሊያስወነጭፉ ሲሉ ያሳውቃታል። ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ነው ይላል። የታችኛውን ክፍል እንደገና ሊያሳርፉት ይሞክራሉ።»

እንደገና። አየሽ፣ ያ የወደቀው ነው ራህማ። አንቺ «በሚቀጥለው» ያልሽው።

ልብሽ ደክሞ ሐኪሙ ደረጃ እንዳታበዢ ካዘዘሽ በኋላ አራተኛ ፎቅ ላይ ታስረሽ ቀረሽ። ሰሚራ ስልኩን የገዛችልሽ ያኔ ነው። ሌላው ሰው ድራማ ያያል፤ አንቺ በሮኬት ፍቅር ወደቅሽ። እንዴት እንደጀመርሽው እንኳ አላውቅም። አንድ ቀን ከመንገድ ስመጣ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩን ዐይኔ ሥር ደቀንሽው። ሰማይ ወጥቶ የነበረው ነገር ተመልሶ መጥቶ፣ እሳቱን ወደ ታች እየተፋ፣ ባሕር ላይ በቆመ ጠፍጣፋ መርከብ ላይ ቀጥ ብሎ አረፈ። «ድሮ አንዴ ተኩሰው ይጥሉት ነበር፤ አሁን መልሰው ይጠቀሙበታል» አልሽኝ፣ አንቺ የሠራሽው ይመስል። እኔ ደግሞ «አንቺ ሴትዮ፣ ለሮኬት ምን አገባሽ? ይልቅ እራት አለ?» አልኩሽ።

አልተውሽኝም። ሌላ ቀን፣ «በምን እንደሚቆም ታውቃለህ? በሞተሩ ነው። አንተ እንጦጦን ስትወርድ እንዳደረግኸው» አልሽኝ። እኔ ረስቼው ነበር። ከተጋባን በዓመቱ ይሁን በሁለተኛው፣ ሲሚንቶ ጭኜ ከሱሉልታ በኩል ስመጣ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ነበርሽ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ጋለና ሽታው ገባ። ማርሽ ቀንሼ በሞተር ይዤው ስወርድ፣ አንቺ ዐይንሽን ጨፍነሽ ፋቲሃ እየቀራሽ ዱዓ ታደርጊ ነበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ አቁሜ፣ «ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወረድም፤ ሞተሩ ነው የሚይዝሽ» ብዬ አስረዳሁሽ። እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ከዚያ ወዲህ ከባድ መኪና ላይ ወጥተሽ አታውቂም። ነገሩን ግን ያን ሁሉ ዓመት ይዘሽው ኖረሻል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። አዲሱ ትልቁ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያርፍ የሚሞክርበት ቀን። ከሳምንት በፊት ጀምረሽ ነገርሽኝ። «የዚያን ቀን ሥራ የለህም አይደል? አስር ሰዓት ላይ ከጎኔ ሁን። ሌላ ምንም አልፈልግም።» «ኢንሻአላህ» አልኩሽ። መገናኛ ከሾፌር ጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ነበር። ሰዓቱን አይቼዋለሁ ራህማ፣ አልረሳሁትም። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል አየሁት፤ «ሮኬት ለማየት ነው የምሄደው» ብዬ ከመሃላቸው መነሳት አፈርኩ። ቤት ስደርስ መሽቷል። መብራት ሳታበሪ ተቀምጠሽ ነበር። «የአባዶ ታክሲ ሰልፉ አይጣል ነው» አልኩሽ። «ወደቀ» ብቻ አልሽኝ። «ሊቆም ትንሽ ሲቀረው ዘመመና ወደቀ። በሚቀጥለው ያሳካሉ፤ ያን ጊዜ አብረን እናያለን።»

ሰልፍ አልነበረም። ይህን በሕይወት እያለሽ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

ትናንት፣ ሐሙስ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሬ ተዘጋጀሁ። ተላጨሁ፤ ለምን እንደተላጨሁ እንጃ። ስልክሽን ብርጭቆ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። እስኪነሣ የሚቆጥረው ቁጥር እየቀነሰ ወረደ፣ ወረደና አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ቀጥ አለ። የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ አልገባኝም። አንቺ ብትኖሪ «ነፋስ ነው» ወይም «ነዳጁ ነው» ትዪኝ ነበር። ከጎኔ የሚጠየቅ ሰው አጣሁ። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎብኝ አያውቅም፤ የቀብርሽ ዕለት እንኳ ሰው ነበረ። የቆመውን ቁጥር ሳይ ብዙ ተቀመጥኩ፤ በኋላ ሥዕሉም ጠፋ። ተናድጄ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ወዲያው ደግሞ ተነሥቼ እንዳይሰነጠቅ አገላብጬ አየሁት። ደህና ነው።

ዛሬ ጠዋት ውሃ ይዤ ስወጣ አንደኛ ፎቅ ላይ እትዬ ብርቅነሽን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ አገኘኋት። እንደ ወትሮው ሰላም ብዬ ላልፍ ነበር።

«ጋሽ ከድር፣ ትናንት አዩት? ነፋሱ በርትቶ ነው አሉ። ዛሬ በዚያው ሰዓት ይሞክራሉ» አለችኝ።

ጀሪካኑን አስቀመጥኩ። «እርስዎ ደግሞ ይህን ከየት ያውቃሉ?»

«ከራህማ ጋር ነበራ የማየው። እርስዎ መንገድ ላይ ሲሆኑ ትጠራኝ ነበር። እሷ ነች ያስለመደችኝ።»

መጠየቅ አልፈለግሁም፤ ግን ጠየቅሁ። «የወደቀ ቀንም?»

«የወደቀ ቀንም። ወንበሩ ላይ ልቀመጥ ስል፣ ‹እሱ የከድር ነው፣ አሁን ይደርሳል› ብላ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ። ሮኬቱ ሲወጣ ሁሉ አንድ ዐይኗ በሩ ላይ ነበር።» ከዚያ ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ «ብዙም አላዘነችም እኮ» አለች።

እሷ እንኳ ስታጽናናኝ ነው የዋሸችው። ጀሪካኑን መልሼ አነሳሁ። ከዚያ፣ «አስር ሰዓት ላይ ይምጡ» አልኳት። ለቅሶው ካበቃ ወዲህ ሰው ወደ ቤት ስጠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ዘጠኝ ተኩል ነው። ከጁምዓ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ሻይ ጥጃለሁ፤ ስኳር አብዝቼ ይሆናል። እንዳይወድቅ እፈራለሁ። ለነሱ ብረት ነው፤ ሌላ ይሠራሉ። እኔ ግን ለአንቺ ሁለተኛ «ወደቀ» ብዬ መጻፍ አልፈልግም። ካበቃ በኋላ ያየሁትን እነግርሻለሁ። ብዕሬን እዚህ ላስቀምጥ፣ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል።

*

መግሪብ ሰግጄ ተመለስኩ። አንድ ሳላስቀር እነግርሻለሁ።

እትዬ ብርቅነሽ ዳቦ ይዛ መጣች። ወንበሩን አቀረብኩላት፤ እምቢ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ቁጥሩ ትናንት የቆመበት ጋ ሲደርስ ሁለታችንም ወደ ስልኩ ጠጋ አልን። አለፈው። ከሥሩ ጭስ ወጣ፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ ያ ትልቅ ነገር ሲነሣ ቀስ ብሎ ነው፤ ጭነት የበዛበት መኪና ዳገት ሲጀምር እንደሚያደርገው። ፍጥነቱ የመጣው በኋላ ነው። ላይ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለ። የላይኛው መንገዱን ቀጠለ። የታችኛው ዞረ።

ሲወርድ በጣም ይፈጥናል ራህማ። ይህን አልነገርሽኝም ነበር፣ ወይም ነግረሽኝ አልሰማሁሽም። ድንጋይ ነው የሚመስለው፤ የሚመለስ ነገር አይመስልም። ደመናውን ሰንጥቆ ወጣ፣ መርከቡ ታየ፣ እሳቱ ግን ገና አልበራም። «ማርሽ! ማርሽ ቀንስ!» ብዬ ጮህኩ፤ ለማን እንደምጮህ እንጃ። እትዬ ብርቅነሽ «በስመአብ» አለች። እሳቱ በራ። ጭሱ ሁሉን ሸፈነው፣ ሥዕሉም ተቆረጠ። ጥቁር። ኔትወርኩ ይሁን እነሱ ይሁኑ አላውቅም። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅሁ።

ሥዕሉ ሲመለስ ቆሟል።

ቆመ ራህማ። መሃል ላይ አይደለም፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሏል፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎኑ ጥላሸት ለብሷል። አንድ እግሩ ሥር ትንሽ ጭስ ነበር፣ እሱም ጠፋ። እትዬ ብርቅነሽ ብድግ ብላ እልል አለች፤ ያች ደረቅ ሴትዮ ብቻዋን ብሎኩን አናጋችው። ከዚያ የት እንዳለች ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ ጋሽ ከድር፣ የሐዘን ቤት ነው» አለች። «አይተዉት፣ ይጨርሱት፤ ራህማም አለችበት» አልኳት። ደገመችው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

እሷ ከወረደች በኋላ ለሰሚራ ደወልኩ። መቆሙን ነገርኳት፤ እዚያው ደግሞ ሲ.ኤም.ሲ ለጊዜው እንደማልመጣ ነገርኳት። ብዙ አልተከራከረችኝም። «አባዬ፣ እማዬ ይሄን ነገር ይሄን ያህል ትወደው ነበር እንዴ? እስቲ ምን ትል ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት። ድሮ ተኩሰው ይጥሉት እንደነበር። በሞተሩ እንደሚቆም። የእንጦጦውን ቁልቁለት። ሳቀች። «ሌላስ?» አለችኝ። ሌላ አልነበረኝም ራህማ። ስንት ቀን፣ ስንት ምሽት ስትነግሪኝ ከርመሽ፣ ለልጅሽ የማካፍላት አምስት ደቂቃ አልሞላም። «ሌላ አላውቅም» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ የተቀመጥኩት መቀመጥ ነው ዛሬ ከሁሉም የከበደኝ።

አልረሳሽም ብዬ ልምልልሽ ነበር። ግን ያልሰማሁትን ምን ብዬ አስታውሳለሁ? ስለዚህ ሌላ ቃል ልግባልሽ። ነገ ጠዋት አንደኛ ፎቅ ወርጄ የእትዬ ብርቅነሽን በር አንኳኳለሁ። ስለ ሮኬቱም፣ ስለ ሌላውም፣ እኔ በሌለሁባቸው ቀኖች ያልሻትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግረኝ እለምናታለሁ። ቶሎ እንዳትጨርስም እነግራታለሁ። ሰዓት አላይም። ሳላቋርጣት እሰማለሁ።

ያንቺው ከድር
የካ አባዶ