ብሬከሩን ሳላወርድ ወጣሁ

ሆዴ አያሌው፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተስ ዐርፈሃል፣ እዚያ ደባርቅ ታስሬ የኖርኩት እኔ ነኝ።

መብራት ሲሄድ ያዘዝከኝን መቼም አትረሳም። ብሬከሩን አውርጂ፤ ሲመጣም ቶሎ እምነት አትጣይበት፣ እንደ እንግዳ ትንሽ አረፍ ይበል ትለኝ ነበር። ኃይል በዝቶ የጎረቤት ፍሪጅና ቴሌቪዥን ሲያቃጥል የእኔ የጥልፍ መኪና የተረፈው በዚህ ነው። ካንተ በኋላ እንጀራዬ እሱ ብቻ ሆነ፤ እኔም ዘበኛው ሆንኩልህ! ሰፈሩ መጣ ብሎ ሲጮህ እኔ ብሬከሩ ያለበት ሳጥን፣ ፓኔሉ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ለቅሶ ተቀምጬም ልቤ እቤቴ ነው። ቅዳሴ አቋርጬ የሮጥኩበት ቀን ብዙ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዘንድሮ ዳባት ያገባችው ልጃችን አረገዘች። መውለጃዋ ሲቃረብ እናቴ አጠገቤ ካልሆነች ብላ አለቀሰች። ቤቱን ትቼ መሄድ እንድችል ቡይት ራስ ሎጅ የሚሠራውን ኤሌክትሪሻን ጠርቼ ፓኔሉ ውስጥ የሰርጅ መከላከያ አስገጠምኩ። ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲመጣ ወደ መሬት የሚያፈስ ነገር ነው አለኝ። የምድር ሽቦ የለሽም ሲለኝ ግን አፈርኩልህ፤ የቤቱን ሽቦ ሁሉ በእጅህ ስትዘረጋ እንዴት ረሳኸው? ጓሮው ድንጋይ ሆኖ ሽቦው የሚታሰርበት የብረት ዘንግ አልገባ አለ። ኋላ እርጥብ ነው ብሎ የጎመን መደቤ ላይ ቀጠቀጠው። ጎመኔን ደፈጠጠው እንጂ ሥራውስ ጥሩ ነው። አረንጓዴዋ መብራት ስትበራ፣ በይ ሂጂ፣ አሁን ነፃ ነሽ አለኝ።

የምን ነፃነት! ልብሴን ሸክፌ ሳምንት ተቀመጥኩ። ደመና ባየሁ ቁጥር እጄ ብሬከሩ ላይ ነው። እንግዲህ ልንገርህ፣ የያዘኝ መኪናው ብቻ አልነበረም። ከድምፅህ የቀረችኝ ያቺ ትእዛዝህ ናት፤ ብተዋት ዳግም የምቀብርህ መሰለኝ።

ምጥ ያዛት ብለው ሲደውሉልኝ መብራት ሄዷል። ፓኔሉ ፊት ቆምኩ። እጄን አነሣሁ፣ መለስኩት። በሩን ቆልፌ ወጣሁ። መናኸሪያ እስክደርስ አለቀስኩ።

ማርያም ማርያም ስንል ዋልን፤ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። መኪናው ይትረፍ አይትረፍ ገና አላየሁም። ልጅህ ደግሞ ክርስትና ሳናስነሣ አትሄጂም ብላ ያዘችኝ። የሴት ክርስትና ሰማንያ ቀን መሆኑን ታውቃለህ። አንድ ቀን ውጭ ማደር ያቃተኝ ሴት፣ እየፈራሁ እሺ አልኳት።

አፍንጫዋ ቁርጥ አንተን ነው። እሷን ታቅፌ እስክሞት አስብሃለሁ፤ ቤትህን ቆሜ ስላልጠበቅኩልህ ግን አትቀየመኝ።