ከካቴናው የወጣ ክር

ከቀበና፣ ጥቅምት 9 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ወልደሰንበት፣ አስመራ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ሱቁስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን።

ለባለቤቴ ለገረሱ የላኩለት ብስክሌት እጅግ ተስማምቶታል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእንጦጦን ጫካ አቋርጦ ገፈርሳ ግድብ ይወርዳል፤ ውሃውን ዞሮ በሸለቆው በኩል ሲመለስ ይመሻል። ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፉት ዳክዬዎች ሲያወራልኝ ደስ ይለኛል። «እኔንም አንድ ቀን ጫነኝ» ስለው «ጎማው ሁለት ሰው አይችልም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ወፍሬአለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ላይ ትራስ አስሮበታል። «ምሳው እንዳይንገጫገጭ ነው» አለኝ። ምሳውን የምቋጥርለት እኔ ነኝ፤ ዳቦ ትራስ እንደሚፈልግ አላውቅም ነበር። ድሮ ይተርፈው ነበር፣ አሁን ፍርፋሪ አይመለስም። ዳገቱ ያስርበዋል መሰለኝ።

ትናንት የብስክሌቱን ጭቃ ሳጥብለት ካቴናው ላይ የተጠመጠመ የነጠላ ጥለት ክር አገኘሁ፤ አረንጓዴ ነው። የእኔ ነጠላዎች ሁሉ ጥለታቸው ቀይ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ የላኩልኝ እርስዎ ነዎት። ገረሱን አልጠየቅሁትም።

ቅባቱን በሳሙና አስለቅቄ ክሩን እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አድርጌዋለሁ። የሸማ ነጋዴ ነዎትና የየት ሸማኔ ሥራ እንደሆነ፣ እዚህ ማን ዘንድ እንደሚሸጥ ይጻፉልኝ። እንዲያው ቀለሙ አምሮኝ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ናፍቆትዎ ያልወጣላት ታናሽ እህትዎ፣
ወለተጊዮርጊስ

መልስዎን በአውሮፕላን ፖስታ ይላኩልኝ፤ እሑድ ሳይደርስ።